ሳንቲሙ ለምን አልወደቀም? ስለ ባለስድስት ቀጥታ ሞተር

የአራተኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ ደረሰኝ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት መካኒክ የአንድ አሮጌ ባለቤንዚን ላንድክሩዘር ኮፈን ከፍተው ሞተሩን አስነሡ። ከኪሳቸው የአንድ ብር ሳንቲም አወጡና በጠርዙ አቁመው የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጡት። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ሳንቲሙ ግን ቆሟል! ቀጥለው አጠገቡ ወደቆመች ባለአራት ሲሊንደር መኪና ወሰዱት። እዚያ ገና እጃቸውን ሳያነሡ ወደቀ።

«ለምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ስድስት ከአራት ስለሚበልጥ ነዋ፣ ጋሼ!» አልኳቸው በሙሉ ልብ። ሲሊንደር ሲበዛ ግፊቱ ይደጋገማል፣ ግፊቱ ሲደጋገም ሞተሩ ይለሰልሳል፤ በቃ።

ምንም ሳይመልሱልኝ ወደ ሦስተኛ መኪና ሄዱ። ይቺኛዋም ስድስት ሲሊንደር አላት፤ ግን ሲሊንደሮቿ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ረድፍ፣ እንደ «ቪ» ፊደል ተከፍተው የተቀመጡ ናቸው። ሳንቲሙ ትንሽ ተንገዳገደና ተኛ። «ይቺም እኮ ስድስት ናት፣ ኢንጂነር» አሉኝ። ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

በእርግጥ ሳንቲም ላቦራቶሪ አይደለም። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ካረጁ፣ ወይም አንዷ ካንዴላ በደንብ የማታቀጣጥል ከሆነ፣ የዓለም ምርጥ ሞተርም ሳንቲሙን ይጥለዋል። የእሳቸው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። እኔ ብዛቱን ቆጠርኩ፤ እሳቸው አሰላለፉን እንዳይ ፈልገው ነበር። ዛሬ በድኅረ ምረቃ የማጠናው ስለ ማሽኖች መንቀጥቀጥ ነው፤ ስለዚህ መልሱን ዘግይቼም ቢሆን ይዤ መጥቻለሁ። አብረን እንየው።

ለምሳሌ የምወስድላችሁ ላንድክሩዘሩን ሳይሆን የአጎቱን ልጅ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ከቪዲዮ ጌምና ከፊልም የምታውቁትን የቶዮታ 2ጄዜድ። የመረጥኩት ዝነኛ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ስለሚመቹም ነው። ቶዮታ ይህን ሞተር በ1991 አሪስቶ በተባለችው መኪናው ላይ አወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስሙን ያስጠራችው ግን በ1993 የመጣችው ሱፕራ ናት።

ሲሊንደሩ 86 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች የሚጓዘውም ልክ 86 ሚሊ ሜትር ነው። እስቲ ካልኩሌተር አውጡ። የክቡን ስፋት አስልታችሁ በቁመቱ ስታባዙት አንዱ ሲሊንደር 499.6 ሲሲ ይሆናል፤ ትንሿ የውሃ ፕላስቲክ የምትይዘው ግማሽ ሊትር ማለት ነው። በስድስት ስታበዙት 2,997 ሲሲ። ሰው ባጭሩ «ሦስት ሺህ ሞተር» የሚለው ይህንን ነው።

ፒስተኑ ራሱ አይዞርም። ከሥሩ ቢየላ የሚባል ክንድ አለ፤ ቢየላው ደግሞ ክራንክሻፍት የተባለውን፣ ታጥፎ ታጥፎ የተሠራውን ዘንግ ይዞ ያዞረዋል። ብስክሌት ስትነዱ ጉልበታችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል፣ ፔዳሉ ግን ይዞራል አይደል? እንደዚያው ነው። ጉልበታችሁ ፒስተን፣ ባታችሁ ቢየላ፣ የፔዳሉ ክንድ ደግሞ የክራንክሻፍቱ እጥፋት።

ፒስተኑ አራት ሥራ አለበት፤ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ያምቃል፣ ተቀጣጥሎ ይገፋል፣ ጭሱን ያስወጣል። አራቱን ለመጨረስ ዘንጉ ሁለት ሙሉ ዙር፣ ማለትም 720 ዲግሪ መዞር አለበት። ልብ በሉ፣ በሁለት ዙር ውስጥ የሚገፋው አንዴ ብቻ ነው! አራት ሲሊንደር ሲኖር በየ180 ዲግሪው አንድ ግፊት ይደርሳል፤ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ዘንጉ በራሱ ፍጥነት የሚንሳፈፍባት ቅጽበት አለች። ስድስት ሲሆን ግን ግፊቱ በየ120 ዲግሪው ይመጣል፤ የመጀመሪያው ሳያበቃ ሁለተኛው ይደርሳል። በ2ጄዜድ ላይ ተራው 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ነው። አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ የሚሆነው ጫናው በዘንጉ አንድ ጫፍ ላይ እንዳይከማች ነው።

የጋራዡ መልሴ እስከዚህ ድረስ ትክክል ነበር። ግን ቪ6ም እኮ በየ120 ዲግሪው ሊገፋ ይችላል። ታዲያ ሳንቲሙን ምን ጣለው?

መንገድ ዳር ያለው ሚዛን

አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው «ተመዘኑ» የሚሉ ልጆችን ታውቋቸዋላችሁ። ሚዛኑ ላይ ቆማችሁ በፍጥነት ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ ብትሉ ቀስቱ ወዲህና ወዲያ ይዘላል። ክብደታችሁ አልተለወጠም። የተንቀሳቀሰው የክብደታችሁ መሃል ነው፤ እሱን ወደ ላይ ለማንሣት ሚዛኑን ወደ ታች መግፋት አለባችሁ። ሞተርም በፒስተኖቹ ምክንያት ያለማቋረጥ ቁጢጥ ብድግ ይላል፤ ሚዛኑ ደግሞ የመኪናው አካል ነው።

ይህ ጉልበት ቀላል እንዳይመስላችሁ። 2ጄዜድ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ፒስተን በሰከንድ 200 ጊዜ ይቆማል፤ 100 ጊዜ ከላይ፣ 100 ጊዜ ከታች። በመሃል ያለው አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 17 ሜትር፣ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ፍጥነት በ86 ሚሊ ሜትር ውስጥ ይይዝና ይለቀዋል። ከላይ ሲቆም የሚደርስበት ጫና ከመሬት ስበት 2,200 ጊዜ ይበልጣል። ፒስተኑንና አብሮት የሚንቀሳቀሰውን ግማሽ ኪሎ ብንል፣ ያቺ ግማሽ ኪሎ በዚያች ቅጽበት ከአንድ ቶን በላይ ትከብዳለች። ይህ ሁሉ ወደ መሪውና ወደ ወንበሩ ቢተላለፍ ማን ይነዳል?

መፍትሔው ግልጽ ይመስላል። ሚዛኑ ላይ ሁለት ሰው ይቁም፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ቁጢጥ ይበል፤ ቀስቱ ዝም ይላል። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር ይህንኑ ያደርጋል፤ ሁለቱ የዳር ፒስተኖች ላይ ሲሆኑ ሁለቱ የመሃል ታች ናቸው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ነገሩ እዚህ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

አያልቅም። ምን መሰላችሁ፣ ፒስተን ሲወርድና ሲወጣ እኩል አይጓዝም። ዘንጉ የዙሩን ሩብ፣ ማለትም 90 ዲግሪ ሲዞር ፒስተኑ ግማሽ መንገድ የደረሰ ይመስለናል። ግን ቢየላው ያን ጊዜ ዘመም ስለሚል ያሳጥረዋል፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል እግሩ ሲሳብ አናቱ ዝቅ እንደሚለው። የ2ጄዜድ ቢየላ 142 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። በዚህ ስናሰላው ፒስተኑ በመጀመሪያዎቹ 90 ዲግሪዎች 49.7 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ በሚቀጥሉት 90 ዲግሪዎች የሚወርደው 36.3 ብቻ ነው። የላይኛው ጉዞ ፈጣን፣ የታችኛው ዝግተኛ ነው።

አሁን ባለአራቱን በእነዚሁ ልኮች እንየው። ሁለቱ ከላይ (0)፣ ሁለቱ ከታች (86) ሲሆኑ አማካይ ቦታቸው 43 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ዘንጉ 90 ዲግሪ ሲዞር አራቱም በአንድ ቁመት ይገናኛሉ፤ ግን በ43 ላይ ሳይሆን በ49.7 ላይ! የክብደታቸው መሃል 6.7 ሚሊ ሜትር ወረደ ማለት ነው። በ180 ዲግሪ ወደ 43 ይመለሳል፣ እንደገና ይወርዳል። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ቁጢጥ ብድግ። የታክሲ መስኮት የሚያንቀጠቅጠው፣ ኩባያ መያዣው ላይ ያስቀመጣችሁትን የቡና ስኒ የሚያንጫጫው ነገር ትልቁ ድርሻው ይህ ነው። አንዳንድ ባለአራት ሞተሮች ይህን ለማጥፋት በእጥፍ ፍጥነት የሚዞሩ፣ ባንድ ጎናቸው የከበዱ ሁለት ተጨማሪ ዘንጎች ይጨመሩላቸዋል። ይሠራል፤ ግን ተጨማሪ ብረት፣ ተጨማሪ ዘይት፣ ተጨማሪ ወጪ ነው።

ወደ ስድስቱ እንምጣ። የባለስድስት ቀጥታ ሞተር ፒስተኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሄዳሉ፤ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። ሦስቱ ጥንዶች በክቡ ላይ በ120 ዲግሪ ተራርቀዋል። አንደኛው ጥንድ ከላይ ጫፍ (0) ላይ ሲሆን ሌሎቹ ሁለቱ 69.47 ላይ ናቸው፤ አማካዩ 46.31። ዘንጉን 30 ዲግሪ አዙሩት፤ ጥንዶቹ 7.40፣ 49.67 እና 81.88 ላይ ይሆናሉ፤ ደምሩና ለሦስት አካፍሉት፣ 46.31። 60 ዲግሪ ላይ 26.47፣ 26.47 እና 86፤ እንደገና 46.31! አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር ድረስ ያው ነው። ስድስቱ ፒስተኖች እንደ እብድ እየተሯሯጡ የክብደታቸው መሃል ከቦታው አይነቃነቅም። ሚዛኑ ላይ የቆሙት ሁሉ ይዘላሉ፤ ቀስቱ አንቀላፍቷል።

ይህን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ሳወጣው ፕሮግራሜ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። ውጤቱ ከጃፓን ብረት ጥራት ወይም ከሠራተኞቹ እጅ የመጣ አይደለም። በ120 ዲግሪ የተከፈለ ክብ ባለበት ሁሉ ይህ ይሆናል። በደንብ ያልተሠራ ባለስድስት ቀጥታ ሞተርም ይህንን ስጦታ በነጻ ያገኛል።

ግን ሦስትስ?

ንቁ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል፤ «ሦስት ጥንድ ከሆኑ፣ ሦስት ፒስተን ብቻውን አይበቃም ነበር?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለሦስት ሲሊንደርም የክብደት መሃሉ አይነሣም፣ አይወርድም። ችግሩ ሌላ ነው። የፊተኛው ፒስተን ሲወርድ የኋለኛው ይወጣል፤ ስለዚህ ሞተሩ ባለበት ሆኖ አንዴ በአፍንጫው፣ አንዴ በጅራቱ ይነቀንቃል። ሕፃናት የሚጫወቱበት ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ጣውላ አስቡ፤ የጣውላው መሃል አይነቃነቅም፣ ጫፎቹ ግን ይዘላሉ።

አሁን አንድ ባለሦስት ሞተር ውሰዱና ከኋላው መስተዋት ያቆማችሁ ይመስል ግልባጩን ቀጥሉበት። የፊተኛው በአፍንጫው ሲነቀንቅ የኋለኛው በጅራቱ ይነቀንቃል፤ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ባለስድስት ቀጥታ ሞተር ማለት ይህ ነው፤ ጀርባ ለጀርባ የተጋጠሙ ሁለት ባለሦስቶች። 1 ከ6 ጋር፣ 2 ከ5 ጋር፣ 3 ከ4 ጋር የሚጣመሩትም ለዚህ ነው።

ቪ6ስ? እሱም ሁለት ባለሦስት ነው፤ ግን ጀርባ ለጀርባ ሳይሆን ጎን ለጎን ነው ያሉት። አንዱ ለሌላው መስተዋት አይሆነውም፤ ስለዚህ ንቅናቄያቸው ሙሉ በሙሉ አይጠፋፋም። የሳንቲሙ መልስ ይኸው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሆላንዱ ስፓይከር ባለስድስት ሲሊንደር መኪና የሠራው በ1903 ነው። ሮልስ ሮይስ በ1906 ያወጣው፣ ኋላ «ሲልቨር ጎስት» ተብሎ የታወቀው መኪና ሞተርም ባለስድስት ቀጥታ ነበር፤ ሲሊንደሮቹ ደግሞ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ብሎክ የተቀለጡ ናቸው። ሁለቱን ባለሦስቶች በዓይን ማየት ይቻል ነበር።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈል ዋጋ ግን አለ፤ ዘንጉ ረጅም ነው። ረጅም ዘንግ ደግሞ፣ ብረት ቢሆንም፣ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛል። የፊተኛው ፒስተን ሲገፋ የፊቱ ጫፍ በጥቂቱ ይቀድማል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ መጠምዘዙ ራሱን እያባዛ ይሄዳል፤ ዥዋዥዌን በየመልሱ እንደመግፋት ማለት ነው። መላ ካልተበጀለት ዘንጉን እስከመስበር ይደርሳል። በ2ጄዜድ ፊት ላይ ቺንጋው የሚያርፍበትን መዘውር ብትመለከቱ በሁለት የብረት ቀለበቶች መሃል ጎማ ታያላችሁ። ጎማው ለጌጥ የገባ አይደለም፤ ያንን መጠምዘዝ እየዋጠ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አርጅቶ ሲሰነጣጠቅ ርካሽ መዘውር ገዝቶ መተካት ያጓጓል፤ ባለስድስት ሞተር ያለው ሰው ይህን ቢያስብበት ይሻላል።

«አንድ ሺህ ፈረስ ጉልበት ይችላል»

ስለ 2ጄዜድ ወሬ ከተነሣ ይህች ዓረፍተ ነገር አትቀርም። እስቲ ረጋ ብለን እንያት። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለት ዋና ዓይነት ነበረው። ተርቦ የሌለው 2ጄዜድ-ጂኢ፣ 220 ፈረስ ጉልበት ገደማ። ሁለት ተርቦ ያለው 2ጄዜድ-ጂቲኢ፣ ለጃፓን ገበያ 280፣ ለአሜሪካ 320። በጃፓን 280 ላይ የቆመው መካኒካዊ አቅም ስላጣ አይደለም፤ የጃፓን አምራቾች በዚያን ዘመን ከዚህ ላለማለፍ እርስ በርስ ተስማምተው ስለነበር ነው።

ከዚያ በላይ የሚጨምሩት ሰዎች ተርቦውን፣ የነዳጅ መርጫውን፣ ብዙ ጊዜም ፒስተኑንና ቢየላውን ይቀይራሉ። «አንድ ሺህ የሚችለው» በአብዛኛው የቀረው አካል፣ ማለትም ብሎኩና ክራንክሻፍቱ ነው። እነሱ ለምን ቻሉ? ብሎኩ ከከበደ የብረት ቅልጥ የተሠራ ነው፤ የሲሊንደሮቹ አናት ዙሪያውን ተደፍኖ የተያያዘ ስለሆነ ግፊት ሲበዛ አይወላወልም። ሁለተኛው ምክንያት ከአሰላለፉ ይመጣል። ቀጥታ ሞተር ላይ በየሲሊንደሩ መሃል ለዘንጉ መደገፊያ የሚሆን ቦታ አለ። 2ጄዜድ ሰባት መደገፊያዎች አሉት፤ እያንዳንዱ የዘንጉ እጥፋት በግራም በቀኝም ተይዟል። ቪ6 አጭር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አራት ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ብረቱን ብቻ አታድንቁ፤ ግማሹ ምስጋና ለረድፉ ነው። ክብደቱ ደግሞ የማይወራለት ጉድለቱ ነው፤ የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ያ ሁሉ ብረት ተጭኗል።

ሁለቱ ተርቦዎች በአንዴ አይሠሩም። በዝቅተኛ ዙር አንደኛው ብቻውን ጭሱን ሁሉ ስለሚያገኝ ቶሎ ይነሣል፤ ወደ 4,000 ዙር ገደማ ሁለተኛው ይቀላቀለዋል። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን አስቀድሞ ስለሚያምቀው ሲሊንደሩ ውስጥ የሚያምቀው ቀነስ ተደርጓል፤ 8.5 ለ1 ነው፣ ተርቦ የሌለው ግን 10 ለ1።

ይህ ነገር አዲስ አበባ ላለ ሰው ትርጉም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀት ላይ 220 ፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እዚህ ሲመጣ 165 ገደማ ይሆናል፤ ማንም አልሰረቀውም። ባለተርቦው ተርባይኑን ፈጠን አድርጎ የጎደለውን ብዙውን ይሞላዋል።

ረጅም ቴስታታና የዓባይ ሽቅብ

የርዝመቱ ሁለተኛ ዋጋ ሙቀት ላይ ይታያል። የ2ጄዜድ ብሎክ ብረት ነው፣ ከላይ የሚከደነው ቴስታታ ግን አልሙኒየም። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት ቅልጥ በእጥፍ ያህል ይረዝማል። ቴስታታው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንልና ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ቢጨምር፣ አልሙኒየሙ 1.1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፣ ብረቱ 0.5። የሁለቱን ልዩነት በመሃል ያለችው ስስ ጓርኒሲዮን መቻል አለባት። በየቀኑ ትችለዋለች። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ግን ቴስታታው መርዘም ይፈልጋል፣ ብሎኖቹ አይለቁትም፤ መሄጃ ሲያጣ ይጎብጣል። ባለአራቱም ይህ ይደርስበታል፤ ባለስድስቱ ግን ስለሚረዝም ይብስበታል።

ከዓባይ ድልድይ ተነሥታችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ የሙቀት ቀስቱን የማያይ ሾፌር አጋጥሟችሁ ከሆነ እስቲ ይህን ንገሩት። ቀስቱ ከወትሮው ካለፈ ዳር ይዞ መቆም ነው። ራዲያተሩን ትኩስ እያለ መክፈት ፊትን ያቃጥላል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ገና ያልጎበጠውን ቴስታታ ሊሰነጥቀው ይችላል። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ከቴስታታ ዋጋ ይረክሳል። በነገራችን ላይ በየክፍለ ሀገሩ የምታዩዋቸው ብዙዎቹ ባለናፍጣ ላንድክሩዘሮች፣ 1ኤችዜድ የተባለውን 4.2 ሊትር ሞተር የያዙት፣ እነሱም ባለስድስት ቀጥታ ናቸው። ነዳጁ ተለወጠ እንጂ የፒስተኖቹ አሰላለፍ ያው ነው።

ለምን ጠፋ? ለምንስ ተመለሰ?

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ሁሉም አይሠራውም? 86 ሚሊ ሜትርን በስድስት አባዙት፤ ቀዳዳዎቹ ብቻ 516 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ግድግዳውና የውሃው መተላለፊያ ገና አልተቆጠረም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ብዙ መኪኖች የፊት ጎማቸውን የሚያዞሩ ሆኑ፤ በነዚህ መኪኖች ሞተሩ ወደ ጎን ተጋድሞ ካምቢዮውን ከጎኑ ይዞ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መሃል መግባት አለበት። ረጅሙ ስድስት እዚያ አይገባም። ቮልቮ በ1998 በኤስ80 መኪናው ላይ እንደምንም አጋድሞ አስገብቶታል፤ አደንቃቸዋለሁ፣ ግን ብዙ ተከታይ አላገኙም። በዚያ ላይ መኪና ሲጋጭ የፊቱ ክፍል እየተጨማደደ ጉልበቱን መዋጥ አለበት፤ ረጅም ብረት ደግሞ አይጨማደድም። ቪ6 በቁመት ግማሽ ያህል ነው። መርሴዲስ እንኳ በ1997 የቤንዚን ባለስድስት ቀጥታውን በቪ6 መተካት ጀመረ። ቢኤምደብሊው ግን በያዘው ጸና።

በ2017 መርሴዲስ ተመለሰ። ምክንያቱ ናፍቆት አልነበረም። ዛሬ ብዙ ሞተሮች ባለተርቦ ናቸው፤ ቀጥታ ሞተር ላይ ጭሱ ሁሉ በአንድ ጎን ስለሚወጣ ተርቦውንና የጭስ ማጣሪያውን እዚያው ማስጠጋት ይቻላል። ቪ6 ግን ሁለት ጎን አለው፣ ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለት ይፈልጋል። ከዚህ ሌላ፣ መርሴዲስ የውሃ ፓምፑንና የአየር ማቀዝቀዣውን በኤሌክትሪክ አድርጎ የፊቱን ቺንጋ በማስቀረቱ ሞተሩ አጠረ። ሦስተኛው ምክንያት የሂሳብ ሹሙን የሚያስደስት ነው። ግማሽ ሊትር የሆነች አንዲት ሲሊንደር በደንብ ካጠናችሁ ሦስቱን ደርድራችሁ ባለ1.5 ሊትር፣ አራቱን ደርድራችሁ ባለ2፣ ስድስቱን ደርድራችሁ ባለ3 ሊትር ሞተር ታወጣላችሁ። ቢኤምደብሊው ያደረገው ይህንኑ ነው። በ2022 ጂፕና ማዝዳም አዲስ ባለስድስት ቀጥታ ይዘው መጡ።

ቶዮታ ደግሞ በ2019 ሱፕራን ሲመልሳት የራሱን ሞተር አልሠራላትም፤ ከቢኤምደብሊው ወሰደ። ስድስት ሲሊንደር፣ በአንድ ረድፍ፣ 2,998 ሲሲ። ከድሮው 2ጄዜድ የሚበልጠው በአንድ ሲሲ ነው።

የፒስተኖቹን ሂሳብ በስልካችሁ ካልኩሌተር መሞከር ለምትፈልጉ፣ ልኮቹ 43 (የፒስተኑ ጉዞ ግማሽ) እና 142 (የቢየላው ርዝመት) ናቸው። የማዕዘኑን ኮሳይን በ43 አባዙ። ከዚያ የማዕዘኑን ሳይን በ43 አባዝታችሁ ውጤቱን በራሱ አባዙት፤ ይህንን ከ142 ስኩዌር ቀንሳችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። ሁለቱን ደምራችሁ ድምሩን ከ185 ቀንሱ፤ ፒስተኑ ከላይ ምን ያህል እንደወረደ ታገኛላችሁ። እኔ በ0፣ በ30 እና በ60 ዲግሪ ሠርቼዋለሁ። እናንተ በ45፣ በ165 እና በ285 ሥሩትና አማካዩን አውጡ።